ሐዲዱ ሳይዘረጋ በጓዳ ያለቀው ጉዳይ

ይቺ በመካከላችን ትቅር። የአሜሪካን ግዛቶች ያቀናቸው ባቡር ነው ሲባል ሰምታችኋል፤ ልክ ነው። በአደባባይ የማይነገረው የባቡሩ ዋና ገበያ ምን እንደነበረ ነው። የድሮ መዝገብ የምናገላብጥ ሰዎች ስንገናኝ ስለ ሎኮሞቲቭ እምብዛም አናወራም። ወሬያችን መሬት ነው። ኢሊኖይን ላንሳላችሁ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

ኢሊኖይ መጀመሪያ በራሷ ኪስ ሞክራ ነበር። በ1837 የግዛቲቱ ምክር ቤት ለመንገድ፣ ለወንዝና ለባቡር ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ መደበ። እጃቸውን ካወጡት አንዱ አብርሃም ሊንከን የሚባል ወጣት እንደራሴ ነበር። ወራት ሳይቆይ የገንዘብ ቀውስ መጣና ግዛቲቱ በዕዳ ተዘፈቀች። ከዚያ ሁሉ የባቡር ዕቅድ ለወግ የበቃው ከስፕሪንግፊልድ ሜሬዶሲያ የሚደርሰው አጭር መስመር ብቻ ነው፤ እሱም ሎኮሞቲቩ ሲያቅተው በበቅሎ ይጎተት ነበር። አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰበት ይህ መስመር በ1847 በሐራጅ ሲሸጥ ያወጣው 21,100 ዶላር ነው።

ከዚህ በኋላ ግዛቲቱ በራሷ ገንዘብ ትሥራ የሚል አልተገኘም። ሴናተር ስቲቨን ዳግላስ የፌዴራሉ መንግሥት ለሐዲዱ መሬት እንዲሰጥ ረቂቅ ሕግ አቀረበ፤ የደቡብ ሰዎች ጣሉበት። የጓዳው ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል። ዳግላስ ኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ወደ ደቡብ ወርዶ ገንዘብ ያጠረውን የአላባማውን የሞቢል ባቡር ኩባንያ ኃላፊዎች አገኘና፣ የኔ ሕግ ካለፈ ለእናንተም መስመር መሬት ይወጣል አላቸው። እነሱም የግዛታቸው ምክር ቤት ሴናተሮቹን «ደግፉ» ብሎ እንዲያዛቸው አደረጉ። ሴናተሮቹ ትናንት የተቃወሙትን ሕግ ዛሬ ይዘው ዳግላስ ዘንድ መጡ፤ እሱም ነገሩን ዛሬ ገና እንደሰማ ሰው ሆኖ ተቀበላቸው። ፕሬዚዳንት ፊልሞር ሕጉን በሴፕቴምበር 1850 ፈረመው።

ለኢሊኖይ የወጣው መሬት 2.6 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ነው። በሐዲዱ ግራና ቀኝ እንደ ዳማ ሰሌዳ ተከፋፈለ፤ አንዱ ቁራሽ ለባቡሩ፣ ቀጣዩ ለመንግሥት። መንግሥት በእጁ የቀረውን መሬት ዋጋ በኤከር ከ1.25 ዶላር ወደ 2.50 አሳደገና «ግማሹን ብንሰጥም ሳንቲም አልጎደለብንም» ማለት ተቻለ። ብልጠቱን አደንቃለሁ። ልዩነቱን የከፈለው ገበሬው መሆኑን ግን በዚህ አባባል ውስጥ አታገኙትም።

በፌብሩዋሪ 1851 ግዛቲቱ ለኢሊኖይ ሴንትራል ኩባንያ ቻርተር ሰጠች። ባለገንዘቦቹ የአገሪቱ ምሥራቅ ሰዎች ነበሩ። ውሉ ኩባንያው በቀረጥ ፈንታ ከጠቅላላ ገቢው ቢያንስ 7 በመቶ ለግዛቲቱ ይክፈል ይላል። ሌላም ነገር አለበት፤ ኩባንያው በመስመሩ ላይ ከተማ እንዳይቆረቁር ይከለክለዋል። ታዲያ ከተሞቹን ማን ቆረቆራቸው? ከኩባንያው ውስጥ ያሉ ጥቂት ሰዎች፣ በግል ስማቸው። ባቡሩ የት እንደሚቆም ከሌላው ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። መሬቱን ገዙ፣ ሸነሸኑ፣ ሸጡ። ካንካኪ እንዲህ ነው የተወለደችው። ፕላኑ አንድ ዓይነት ስለነበር በዛፍ ስም የተሰየሙት መንገዶች ሳይቀሩ ከከተማ ከተማ ይደጋገማሉ። ቀድማ የተቆረቆረች ከተማም ባቡሩ ካለፋት አለፋት ነው፤ ከኧርባና ሁለት ማይል ወደ ምዕራብ ርቆ የተሠራው ጣቢያ ዛሬ ሻምፔይን የምትባለውን ከተማ አበቀለ።

አሁን ደግሞ ወደምወደው ወሬ ልምጣ፤ የሊንከን የጥብቅና ዋጋ። በ1853 የማክሊን ካውንቲ በኩባንያው ላይ ቀረጥ ልጣል አለ። ካውንቲው ካሸነፈ ሐዲዱ የሚያልፍበት ካውንቲ ሁሉ ሊከተል ነው። ሊንከን ጠበቃ ልሁን ብሎ መጀመሪያ የጻፈው ለኩባንያው አይደለም፤ ቀድሞ ላናገረው ለሻምፔይን ካውንቲ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ለኩባንያው «ነፃ ነኝ» ያለው። ወረፋውን በወጉ ጠብቋል፤ ሁለቱንም በር ማንኳኳቱ ግን አልቀረም። ጉዳዩን እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረና በ1856 ረታ። 5,000 ዶላር ሲጠይቅ ኩባንያው አሻፈረኝ አለ። እሱም ያንኑ ደንበኛውን ከሶ በ1857 4,800 ዶላር አስፈረደበት። ተኳርፈው ቀሩ እንዳትሉ፤ ከዚያም በኋላ ለኩባንያው መቆሙን ቀጥሏል። የነፃ ጉዞ ወረቀቱ ጊዜው ሲያልፍ እንዲታደስለት ለሌላ የባቡር ኩባንያ ኃላፊ የጻፋት ቀልደኛ ደብዳቤም ዛሬ ድረስ አለች። የዚያን ዘመን ጠበቃና እንደራሴ ኪስ ብትፈትሹ እንዲህ ያለ ወረቀት አይጠፋም ነበር።

በ1858 ሊንከንና ዳግላስ ለሴናት ሲፎካከሩ የኢሊኖይ ሴንትራል ምክትል ፕሬዚዳንት ጆርጅ ማክሌላን ነበር፤ ልቡ ከዳግላስ ጋር። በ1864 ሊንከንን ለፕሬዚዳንትነት የተቀናቀነው ያው ማክሌላን ነው። መንደሯ ጠባብ ነበረች።

ልማቱስ? ልማቱ እውነት ነው፤ እሱን የሚክድ አይስማኝ። በ1856 የ705 ማይሉ መስመር አለቀ። ኩባንያው መሬቱን በዱቤ እየሸጠ፣ እስከ ጀርመንና ስካንዲኔቪያ ድረስ ሰው ይጠራ ነበር። በ1850 851,000 ገደማ የነበረው የኢሊኖይ ሕዝብ በ1860 ከ1.7 ሚሊዮን አለፈ። የቺካጎ ደግሞ ከ30,000 ገደማ ተነስቶ 100,000ን ተሻገረ። ለዚህ ሁሉ ባቡሩ ብቻውን አይመሰገንም፤ ያለ ባቡሩ ግን የሜዳው ስንዴ ገበያ አይደርስም ነበር።

ያቺ 7 በመቶ ግን እንቅልፍ አልሰጠችም። ኩባንያው አንድ ቀን ወዳጅ እንደራሴዎችን ይዞ ያሰርዛታል የሚለው ስጋት ጸንቶ ቆየ። ስለዚህ በ1870 አዲሱ የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ሲጻፍ የኢሊኖይ ሴንትራል ስም በቀጥታ ገባበት፤ የትኛውም ምክር ቤት ይህን ክፍያ መሰረዝ፣ ማገድም ሆነ ማሻሻል አይችልም ተብሎ።