ተጨማሪ መረጃ፦ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ስክሪፕት
በአዶቢ ኢንዲዛይን መጽሔት ስታዘጋጁ ተደጋጋሚውን ሥራ በስክሪፕት ማሠራት ትችላላችሁ። ስክሪፕት ሶፍትዌሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል ነው። ገጾቹን በፒዲኤፍ አውጥቶ ዴስክቶፕ ላይ እንዲያስቀምጥ አዘዛችሁት እንበል። በዊንዶውስ፣ በ«ሲ» ድራይቭ በሚጀምረው አድራሻ ውስጥ «ዩዘርስ» ከሚለው ቀጥሎ «ሳራ» ብላችሁ ከጻፋችሁ በሳራ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ በዳዊት ኮምፒውተር ላይ ግን ሳራ የምትባል ተጠቃሚ ስለሌለች ስህተት ይፈጠራል። ማክ ላይ ደግሞ ጭራሹን «ሲ» የሚባል ድራይቭ የለም።

ስለዚህ የተጠቃሚ ስም አትጻፉ። በአዶቢ የስክሪፕት ቋንቋ፣ በኤክስቴንድስክሪፕት፣ «ፎልደር.ዴስክቶፕ» የሚለው ትእዛዝ ስክሪፕቱን ያስነሳውን ሰው ዴስክቶፕ ራሱ ፈልጎ ያገኛል። የሴቲንግ ፋይሎች ግን ዴስክቶፑን ባያጨናንቁት ይሻላል፤ ለእነሱ «ፎልደር.ዩዘርዳታ» አለ። ይህ በዊንዶውስ አፕዳታ ውስጥ ያለውን ሮሚንግ የተባለ ፎልደር፣ በማክ ደግሞ ላይብረሪ ውስጥ ያለውን አፕሊኬሽን ሰፖርት የተባለ ፎልደር ያመለክታል። ፋይል ከማስቀመጣችሁ በፊት ፎልደሩ መኖሩን ስክሪፕቱ ያረጋግጥ፤ ከሌለም ይፍጠረው። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን ነው።

ሞክሩት፦ በዊንዶውስ ፋይል ኤክስፕሎረር የአድራሻ መስመር ላይ «አፕዳታ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከፊትና ከኋላው የፐርሰንት ምልክት አድርጋችሁ ጻፉና ኢንተርን ተጫኑ። ከዚያ የአድራሻ መስመሩን ጠቅ አድርጉና የተጠቃሚው ስም የት ላይ እንደገባ ተመልከቱ። በጓደኛችሁ ኮምፒውተር ላይስ ምን ይለያል?