ነርቭን በሬዲዮ ሞገድ መተኮስ

በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ወገቡን ወይም ጉልበቱን ለረጅም ጊዜ ያመመውን ሰው በጋለ ብረት መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። ጠባሳው ሕመሙ በሚሰማበት ቦታ ላይ ያርፋል፤ እሳቱ የሚደርሰው ግን ቆዳው ዘንድ ብቻ ሲሆን የሕመሙ ምንጭ ከዚያ በታች ጠልቆ ይገኛል። ዘመናዊው ሕክምናም ሥር የሰደደ ሕመምን በሙቀት የሚያስታግሥበት አንድ ዘዴ አለው፤ ስሙም ራዲዮፍሪክዌንሲ አብሌሽን ይባላል። በዚህ ዘዴ ቆዳውም ሆነ የታመመው መገጣጠሚያ አይተኮስም። የሚቃጠለው ከመገጣጠሚያው ተነሥቶ የሕመሙን ወሬ ወደ አንጎል የሚያደርሰው ቀጭን ነርቭ ነው። መገጣጠሚያው እንደታመመ ይቆያል፤ መልእክተኛው ግን ለጊዜው ዝም ይላል። በዚህ ሕክምና ዙሪያ የሚነሣው ክርክር በአመዛኙ የሚመነጨው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ወሬውን የሚያደርሰው ነርቭ የትኛው እንደሆነ በእርግጥ ይታወቃል ወይ?

በሕክምናው ቋንቋ ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። ዘዴው በብዛት የሚሠራበትን የአከርካሪን ሕመም ለምሳሌ እንውሰድ። የአከርካሪ አጥንቶች ከፊት በኩል በዲስክ፣ ከኋላ በኩል ደግሞ በግራና በቀኝ ፋሴት በሚባሉ ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ይያያዛሉ። እነዚህ መገጣጠሚያዎች በዕድሜ ወይም በአደጋ ሲጎዱ ሕመሙ በአንገት ወይም በወገብ ይሰማል። በአብዛኛው ከእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ስሜትን የሚወስዱት ሁለት ጥቃቅን የነርቭ ቅርንጫፎች ስለሆኑ፣ አንዱን መገጣጠሚያ ዝም ለማሰኘት ሁለቱንም ማግኘት ግድ ነው። ቅርንጫፎቹ እጅንም ሆነ እግርን አያንቀሳቅሱም፤ ሊቃጠሉ የሚችሉትም ስለዚህ ነው። በአንጻሩ ዲስክ ተንሸራቶ ዋናውን የነርቭ ሥር በመጫኑ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም የያዘው ሰው ከዚህ ዓይነቱ ማቃጠል ፈውስ ሊጠብቅ አይገባም፤ ያ ነርቭ ቢቃጠል እግሩም አብሮ ይዝላልና።

ኮረንቲው እንዴት ሙቀት ይሆናል?

ሬዲዮ የሚለው ቃል አንባቢን ያሳስት ይሆናል። በዚህ ሕክምና አንቴና የለም፤ ከሩቅ የሚላክ ሞገድም የለም። ስሙ የመጣው ከኮረንቲው ድግግሞሽ ነው። በቤታችን የምንጠቀምበት ኮረንቲ በሰከንድ 50 ዙር ሲመላለስ፣ የሕክምናው መሣሪያ የሚያመነጨው በሰከንድ 500,000 ዙር ያህል ይመላለሳል፤ ይህም የመካከለኛ ሞገድ የሬዲዮ ጣቢያዎች ከሚሠሩበት ክልል ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚገኝ ነው።

ታዲያ ሕመምተኛውን ኮረንቲ አይዘውም ወይ? አይዘውም። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ዳርሶንቫል እ.ኤ.አ. በ1891 እንዳሳየው፣ ድግግሞሹ በሰከንድ ከ10,000 ዙር በላይ ሲሆን ኮረንቲው ጡንቻን ሳያንዘፈዝፍ በሰውነት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። አንድ የነርቭ ምልክት ለመነሣት የሰከንድ አንድ ሺህኛ ያህል ጊዜ ይፈልጋል። በሰከንድ 500,000 ዙር የሚመላለስ ኮረንቲ ግን በአንድ አቅጣጫ የሚቆየው ለሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ነው። ነርቩ ለመመለስ ሳይሰናዳ አቅጣጫው ተገልብጦ ይገኛል።

ሐኪሙ የሚጠቀምበት መርፌ ከጫፉ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ያህል ሲቀር ሌላው ኮረንቲ በማያስተላልፍ ነገር የተሸፈነ ነው። ኮረንቲው ከተራቆተው ጫፍ ወጥቶ በሰውነት ውስጥ ያልፍና ጭን ላይ ወደተለጠፈ ሰፊ ሰሌዳ ይደርሳል። በመርፌው ጫፍ አጠገብ ባለው የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ የሚገኙ የሶዲየም፣ የፖታሲየምና የክሎሪን አዮኖች ከኮረንቲው ጋር ወዲያና ወዲህ ይዋልላሉ፤ ከሰበቃቸውም ሙቀት ይወለዳል። እንግዲህ መርፌው እንደ ካውያ በራሱ ግሎ አያቃጥልም። አስቀድሞ የሚሞቀው በዙሪያው ያለው ኅብረ ሕዋስ ነው፤ መርፌውን የሚያሞቀውም እርሱ ነው።

ጭን ላይ ያለው ሰሌዳስ ስለምን ቆዳን አያቃጥልም? በሁለቱም ጫፎች የሚያልፈው ኮረንቲ እኩል ነው፤ የሰሌዳው ስፋት ግን ከመርፌው ጫፍ እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ ኮረንቲው ይሳሳል። የመርፌውን ጫፍ እንደ ትንሽ ሉል ብንቆጥረው፣ የኮረንቲው ጥግግት በርቀቱ ስኩዌር ልክ ይቀንሳል፤ የሚመነጨው ሙቀት ደግሞ የጥግግቱን ስኩዌር ይከተላል። ስለዚህ ከሉሉ መካከል ያለን ርቀት በሁለት እጥፍ ሲያድግ የሚመነጨው ሙቀት ወደ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። የፊዚክስ ተማሪ ይህን በወረቀት ላይ ቢያሰላው፣ ቃጠሎው ከጥቂት ሚሊሜትር አልፎ የማይዛመተው ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገለጥለታል።

ኅብረ ሕዋስ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነርቭ መጎዳት ይጀምራል። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የመርፌውን ጫፍ በ80 ዲግሪ ለ60 ወይም ለ90 ሰከንድ ያቆዩታል። ወደ 100 ዲግሪ ከተጠጋ ግን በውስጡ ያለው ውኃ ይፈላል፤ ኅብረ ሕዋሱ ይከስላል፤ የከሰለው ደግሞ ኮረንቲ አያሳልፍም። ለዚህም ሲባል በመርፌው ውስጥ የሙቀት መለኪያ ተቀብሮ ይገኛል።

ቢላዋው ያልነካው ነርቭ

የዚህ ሕክምና ታሪክ በስሕተት የጀመረ መሆኑ ለሳይንስ ተማሪ ትልቅ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሪስ የተባለ አውስትራሊያዊ ቀዶ ሐኪም ረጅም ቀጭን ቢላዋ ወደ ወገብ አስገብቶ የፋሴት ነርቮችን እንደሚቆርጥና ሕመምተኞቹም ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደዳኑ ጻፈ። አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ኖርማን ሺሊ ደግሞ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቢላዋውን በራዲዮፍሪክዌንሲ መርፌ ተካ፤ እርሱም መልካም ውጤት አገኘሁ አለ። ከዚያም አውስትራሊያዊው የአካል ጥናት ሊቅ ኒኮላይ ቦግዱክ ነርቮቹን በአስከሬን ላይ አንድ በአንድ ተከተላቸው። የሪስ ቢላዋ ነርቮቹ ዘንድ የማይደርስ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1979 ከሎንግ ጋር ባሳተመው ጥናት ደግሞ ሺሊ መርፌውን በሚያሳርፍበት ቦታ የሚፈለገው ነርቭ አለመኖሩን አሳየ።

ሕመምተኞቹ ተሻለን ያሉት ዋሽተው አልነበረም። ሕመም በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰውም ወደ ሐኪም የሚሄደው በባሰበት ሰሞን ነው፤ በሐኪም እጅ ላይ ያለ እምነትም ያስታግሣል። ስለዚህ «ብዙ ሰው ተሻለው» የሚለው ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም።

ቦግዱክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 መርፌውን በእንቁላል ነጭና በጥሬ ሥጋ ውስጥ አስገብተው የቃጠሎውን ቅርጽ መረመሩ። የእንቁላል ነጭ ሲሞቅ ስለሚረጋ፣ ሙቀቱ የት ድረስ እንደሄደ በዓይን ይታያል። ቃጠሎው ከጫፉ ወደ ፊት ከሞላ ጎደል አይሄድም፤ የሚሰፋው ወደ ጎን ነው። እንግዲህ መርፌውን በነርቩ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚተክል ሐኪም ነርቩን ሊስተው ይችላል ማለት ነው። መርፌው ከነርቩ ጋር ጎን ለጎን መተኛት ይኖርበታል። ይህን የመሰለ በወጥ ቤት ሊሠራ የሚችል ሙከራ የስንቱን ሕክምና አካሄድ እንደለወጠ ሳስብ ያስደንቀኛል።

ሁለት ጥናቶች፣ ሁለት መልሶች

ከዚህ በኋላ ትክክለኛው ፈተና በአውስትራሊያ፣ በኒውካስል ከተማ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ። በመኪና አደጋ ምክንያት አንገታቸውን ሥር የሰደደ ሕመም የያዛቸው 24 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ሁሉም መርፌው ገባላቸው፤ የአሥራ ሁለቱ ነርቭ በ80 ዲግሪ ሲሞቅ የቀሩት አሥራ ሁለቱ መርፌ በ37 ዲግሪ፣ ማለትም በሰውነት ሙቀት ላይ ቆየ። ማን የትኛውን እንዳገኘ ለሕመምተኞቹ አልተነገራቸውም። ሕመሙ ወደ ቀድሞው ግማሽ እስኪመለስ ድረስ ያለፈው ጊዜ በመካከለኛ ዋጋው ሲለካ፣ በማስመሰያው ቡድን 8 ቀን፣ በተቃጠለላቸው ዘንድ 263 ቀን ሆነ። ከ27 ሳምንት በኋላ ከተቃጠለላቸው ሰባቱ፣ ከሌሎቹ አንዱ ብቻ ከሕመም ነጻ ነበሩ።

ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ልብ ሊባል የሚገባው ግን እነዚህ 24 ሰዎች እንዴት እንደተመረጡ ነው። ከቃጠሎው አስቀድሞ ሐኪሙ በተጠረጠሩት ነርቮች ላይ ጥቂት ማደንዘዣ በመርፌ ያስገባል። ሕመሙ ማደንዘዣው በሚሠራበት ሰዓት ልክ ከጠፋ፣ ወሬ አድራሹ ነርቭ ተገኘ ማለት ነው። የኒውካስል ተመራማሪዎች ይህን ፈተና ደጋግመው አደረጉ፤ በመካከሉም ማደንዘዣ የሌለበት የጨው ውኃ አስገቡ። በጨው ውኃም ተሻለኝ ያለውን ሰው ወደ ጥናቱ አላስገቡትም።

በኔዘርላንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት በአንጻሩ 681 ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ያካተተ ነበር። አንዱ ወገን የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ብቻ፣ ሌላው እንቅስቃሴውን ከቃጠሎው ጋር አገኘ። ቃጠሎው መጨመሩ ለሕመምተኛው ትርጉም ያለው ተጨማሪ ጥቅም አላስገኘም። ተቺዎች ወዲያው ተነሡ፤ ሕመምተኞቹ የተመረጡት በአንድ ጊዜ የማደንዘዣ ፈተና ነው፤ የመርፌው አቀማመጥም አጠያያቂ ነው አሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል። አውስትራሊያኖቹ ያሳዩት ሕክምናው በጥብቅ በተመረጠ ሰው ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል ነው፤ ኔዘርላንዳውያኑ ደግሞ በተለመደው ክሊኒክ አሠራር ምን እንደሚሆን። ለሕመምተኛው የሚቀርበው አገልግሎት ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ይመስላል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ሕክምና ለወገብ ሕመም ሲፈቅድ፣ ሌላው ሕክምና ካልሠራና የማደንዘዣው ፈተና ከተሳካ በኋላ ብቻ እንዲታሰብ አድርጎ ነው።

በሕክምናው ዕለት ሕመምተኛው ሙሉ በሙሉ አይተኛም፤ ምክንያቱም ሊመልስ ይገባል። መርፌው በራጅ እየታየ ከገባ በኋላ መሣሪያው በሰከንድ 50 ዙር የሚመላለስ ደካማ ኮረንቲ ይልካል፤ ሕመምተኛው በለመደው ቦታ ንዝረት ከተሰማው መርፌው ወደ ነርቩ ቀርቧል። ቀጥሎ በሰከንድ 2 ዙር ይላካል። በዚህ ጊዜ እግሩ ወይም ክንዱ ከተወራጨ መርፌው ወደ ዋናው ነርቭ ተጠግቷል ማለት ስለሆነ ሐኪሙ ቦታውን ይለውጣል። ልብን የሚያስመታ መሣሪያ በደረቱ የተቀበረለት ሰው ይህን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት፤ ኮረንቲው መሣሪያውን ሊያውከው ይችላል።

ዋጋም ይከፈልበታል። ለጥቂት ቀናት ቦታው ይቆጠቁጣል፤ አንዳንዱም ቆዳው ይደነዝዝበታል። በወገብ ያሉት ቅርንጫፎች መልቲፊደስ የተባለውን አከርካሪን የሚደግፍ ጥልቅ ጡንቻም ስለሚያዝዙ፣ ሲቃጠሉ ያ ጡንቻ በከፊል ይዝላል። ነርቩም ለዘለቄታው አይሞትም። የሕዋሱ አካል ከቃጠሎው ርቆ በአከርካሪው አጠገብ በደኅና ስለሚቆይ፣ ቃጫው በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል እያደገ ወደ ቀድሞ ቦታው ይጓዛል። ብዙ ሕመምተኞች ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የድሮው ሕመም ሲመለስ ይሰማቸዋል። ያን ጊዜ ሐኪሙ መርፌውን በዚያው ቦታ እንደገና ያስገባል።