የአዲስ ቅዳም ዲከረንስ፦ ማሳ ላይ የተገነባ ዕውቀት

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት አዲስ ቅዳም ሲደርሱ ግራና ቀኙን የሚሞላው ዛፍ ዲከረንስ ነው። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ቁመናው ቀጥ ያለ ነው። አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ወረዳዋን በአዲስ አበባ የከሰል ገበያም፣ በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔቶችም ያስጠራት ይኸው ዛፍ ነው። መንገደኛ ሲያየው ደን ይመስለዋል። ነገር ግን የገበሬ ማሳ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጤፍ ታጭዶበታል፣ ዛፉ ሲነሣም ጤፍ ይዘራበታል።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። ክረምት ሲገባ ማሳው እንደ ወትሮው ለጤፍ ይታረሳል፤ በዚያው ክረምት የዲከረንስ ችግኝ በጤፉ መካከል ተጠጋግቶ ይተከላል። ለጤፉ የተደከመው እርሻና አረም ለችግኙም ይተርፈዋል። ጤፉ ታጭዶ ሲነሣ ችግኙ በማሳው ላይ ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት ቅርንጫፉ ገና ስላልገጠመ በመካከሉ ሣር ይበቅላል፤ ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይሰብር ሣሩ እየታጨደ ደጅ ድረስ ይወሰዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ገደማ ዛፉ ለከሰል ይደርሳል።

ማክሰሉ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ግንዱ እየተመጠነ ይቆረጥና ይከመራል፤ ክምሩ ቅጠልና ሣር ከለበሰ በኋላ በአፈር ይደፈናል፤ ከዚያ እሳት ይለኮስበታል። አየር ከበዛ እንጨቱ አመድ ይሆናል፤ ካነሰ ደግሞ ሳይከስል ይቀራል። ስለዚህ አክሳዩ ሌት ተቀን ከክምሩ አይርቅም፤ የተሰነጠቀውን በአፈር እየደፈነ የጢሱን ቀለም ይከታተላል። ጢሱ ነጭና ወፍራም ሳለ እንጨቱ ውኃውን እየለቀቀ ነው፤ እየሳሳ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ከሰሉ እየደረሰ ነው።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጥቅም ግን መሬቱ ላይ ነው። በፋግታ ለኮማ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል። እንዲህ ያለ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን እያጠበ ስለሚወስደው አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፤ የተጨመረለት ፎስፈረስም እየታሰረ ለሰብሉ አይደርሰውም። ዲከረንስ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው፤ ሥሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ይወስዳሉ። የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፤ ከከሰሉ የሚቀረው አመድም አሲዱን ያረግባል። ገበሬው ወደ ጤፍ የሚመለሰው በዚህ ባገገመ መሬት ነው።

ዛፉ የአገሩ አይደለም። ትውልዱ አውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ነው፤ ፋግታ ለኮማ ባለችበት በአዊ ዞን መስፋፋት የጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ነው። ጤፍም ከሰልም ከዚያ በፊት የነበሩ ናቸው። ዛፉን፣ ጤፉን፣ ሣሩንና ከሰሉን በአንድ ማሳ፣ በአንድ ዙር አስማምተው ያስኬዱት ገበሬዎች ናቸው። ተመራማሪዎች የደረሱት በኋላ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የጃፓኑ ቶቶሪ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ገበሬው ምን ያህል መሬት ለዛፍ እንደሚመድብና ለምን እንደሚመድብ አጠኑ። የሳተላይት ምስል ያነጻጸሩ ጥናቶችም የወረዳዋ የዛፍ ሽፋን መጨመሩን አሳዩ። ሥርዓቱም በሙያው ቋንቋ «ታውንግያ» ተባለ።

ታውንግያ የመጣው ከበርማ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1850ዎቹ የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር የደን ሹም የነበረው ጀርመናዊው ዲትሪክ ብራንዲስ የካረን ሕዝብ የሆኑ የተራራ ገበሬዎች በሚዘሩት ሰብል መካከል ቲክ የተባለውን ዛፍ እንዲተክሉ አደረገ። የደን ሳይንስ መጻሕፍት የብራንዲስን ስም ጠብቀው አቆይተዋል። መሬቱን እያፈራረቁ ማረሱን ከእርሱ በፊት የሚያውቁት ካረኖች ግን በጅምላ ይጠራሉ እንጂ በየስማቸው አይታወቁም።

ዕውቀት የት ተወለደ፣ በማን እጅ አለፈ፣ በማንስ ስም ተጻፈ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመረምረው የጥናት ዘርፍ የዕውቀት ታሪክ ይባላል። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ፒተር በርክ በመጻሕፍቱ አስተዋውቆታል። የስዊዘርላንዷ ዙሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005፣ የስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ በ2020 ማእከል አቋቁመውለታል። ዘርፉ ከሳይንስ ታሪክ የሚሰፋው የገበሬውን፣ የአዋላጇንና የአንጥረኛውን ዕውቀት ከምሁሩ ዕውቀት እኩል ስለሚመረምር ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ የአዲስ ቅዳም ገበሬ የጥናት መጠይቅ መላሽ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ የተጠናው ነገር ባለቤት እርሱ ነው።

ጊዜውም አስቸኳይ ነው። በቅርብ ዓመታት ዩሮሚክላዲየም አካሲዬ የተባለ የዋግ ፈንገስ ዲከረንሱን እየመታው ነው። ቅጠሉ ላይ ቡናማ፣ ዝልግልግ ነገር ያወጣል፤ ችግኙን ያቀጭጨዋል፣ ይገድለዋልም። ይኸው በሽታ ከዚያ በፊት በደቡብ አፍሪካ የቅርብ ዘመዱን ጥቁር ግራርን አጥቅቷል። አንድ ዓይነት ዛፍ በተርታ በሞላበት አገር በሽታ ማቆሚያ የለውም። በዚህ የተነሣ ማሳው ወደ ሌላ ተክል በዞረ ቁጥር የችግኝ አፈላሉ፣ የአተካከሉና የአከሳሰሉ ሙያ ከሚያውቁት ሰዎች ጋር ይጠፋል።

ስለዚህ አሁን የሚያስፈልገው ሥራ ግልጽ ነው። የእንጅባራና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክ፣ የቋንቋና የደን ክፍሎች ተባብረው የመጀመሪያዎቹን ተካዮችና አክሳዮች በአውኚና በአማርኛ ያነጋግሩ፤ ማን ከማን እንደተማረ፣ ምን ተሞክሮ እንደተተወ ይመዝግቡ። የከሸፈው ሙከራም ይጻፍ፤ ነገ በዲከረንስ ምትክ ሌላ ዛፍ የሚሞክር ገበሬን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ይኸው ነው። መዝገቡም በዩኒቨርሲቲዎቹ መደርደሪያ ላይ ብቻ አይቅር፤ አዲስ ቅዳም ላይ ገበሬው በሚያገኘው ቦታ አንድ ቅጂ ይቀመጥ። የዕውቀቱ ባለቤት መዝገቡን አይቶ የተሳሳተውን የማረምና የጎደለውን የመሙላት መብት አለው።