እሸትና ደብተር፦ በእርሻ ላይ ሆኖ የፍቅር ልብ ወለድ ስለ መጻፍ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በየቤታችን ሁለት ነገሮች አብረው ይታያሉ። አንደኛው ከማሳው ላይ ብቅ ያለው እሸት፣ ሁለተኛው ለልጆች የሚገዛው አዲስ ደብተር ነው። እሸቱ የገበሬው ተስፋ፣ ደብተሩ የተማሪው ተስፋ ነው። እሸቱንም ደብተሩንም ይዞ ለመኖር የሚሻ ሰው ከቤተሰቡ መካከል ሲገኝ ግን ብዙዎቻችን ግራ እንጋባለን። «ወይ እረስ፣ ወይ ጻፍ» ማለት ይቀናናል። በዚህ የዘመን መለወጫ ዕለት ለአንባብያን ልናቀርብ የወደድነው ጉዳይ ይኸው ነው። በእርሻ ሥራ የሚኖር ሰው የፍቅር ልብ ወለድ ለመጻፍ ቢመኝ ሁለቱን እንዴት አስማምቶ ሊይዝ ይችላል? ቤተሰቡስ ምን ሊያደርግለት ይገባል?

ነገሩን ከአንድ ሥፍራ ጋር አያይዘን ብንመለከተው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሶፊ ከኤረርና ከድሬ ጥያራ ጋር በሐረሪ ክልል ከሚገኙት ሦስት የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው። ነዋሪው በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪና ሙስሊም ገበሬ ሲሆን፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ለውዝና ጫት ያመርታል። የሐረርጌ ማሽላ ብዙ ወራት የሚቆይ እህል ነው። በበልጉ ዝናብ ይዘራል፤ የሚታጨደው ክረምቱ አልፎ፣ በጋው ከገባ በኋላ ነው። እህሉ ፍሬ መያዝ ሲጀምር የወፍ መንጋ ስለሚወርድበት ከማሳው መካከል ማማ ተሠርቶ፣ ወንጭፍ ተይዞ ከማለዳ እስከ ምሽት ይጠበቃል። ይህን ጥበቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት ልጆችና ወጣቶች ናቸው። የደረሰውንም ምርት እናቶችና ልጃገረዶች ተሸክመው ወደ ሐረር ገበያ ይወርዳሉ።

እነዚህ ገበሬዎች የሚገበዩባት ከተማ ደግሞ ለመጽሐፍ ባዕድ አይደለችም። አምስት ጥንታውያን በሮች ያሉት የጁገል ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በግንቡ ውስጥ መጽሐፍ በእጅ መገልበጥና በቆዳ መደጎስ ለብዙ ትውልድ ሲሠራበት የኖረ ሙያ ነው፤ ከእነዚህ የእጅ ጽሑፎች ብዙዎቹ ዛሬ በሸሪፍ ሙዚየም ይገኛሉ። እንግዲህ በሶፊ ማማ ላይ የተቀመጠች ልጅ ደብተር ይዛ የፍቅር ታሪክ ስትጽፍ ብትገኝ ከአካባቢዋ ልማድ ወጣች አያሰኛትም። ጥያቄው ጀምራው ትቀራለች ወይስ ትፈጽመዋለች የሚለው ነው።

ሐረር ብዕሩን የጣለ ሰውም አይታለች። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ወደዚህች ከተማ የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ገና የ26 ዓመት ወጣት ቢሆንም ግጥም መጻፉን ከተወ ዓመታት አልፈው ነበር። በሐረር የቡናና የቆዳ ነጋዴ ሆኖ ኖረ። ከከተማይቱ የላካቸው ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ሸቀጥ፣ ስለ ሒሳብና ስለ መንገድ ድካም የሚናገሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1891 ሲሞት ወደ ግጥሙ አልተመለሰም። ከራምቦ ሕይወት ተነሥቶ «የዕለት ሥራ ብዕርን ይገድላል» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በዚያው በሐረርጌ ምድር ከዚህ የተለየ ምስክር አለን።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው በሐረር ያደጉ፣ ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉና የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ የነበሩ ሰው ናቸው። ከረጅም የስደት ዘመን በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በጨርጨር ደጋ፣ በሂርና፣ እርሻቸውን እያለሙ ኖሩ። ጽፈው የተዉት የሕይወት ታሪካቸውም ካረፉ በኋላ በ1998 ዓ.ም. ታትሞ ለአንባቢ ደርሷል። ልጃቸው ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ያሳተሙት «አርአያ» የተሰኘው ልብ ወለድ፣ በፈረንሳይ አገር የእርሻ ትምህርት ተምሮ ወገኑን ለማገልገል የተመለሰ ወጣትን ታሪክ ይተርካል። አባትዬው የፍቅር ልብ ወለድ ደራሲ አልነበሩም፤ ልጃቸውም በመንግሥት ሥራ የኖሩ ናቸው። ይሁን እንጂ የዚህ ቤተሰብ ታሪክ እርሻና ብዕር በአንድ ደጅ ሊገናኙ እንደሚችሉ፣ እርሻም ራሱ የልብ ወለድ መነሻ ለመሆን እንደሚበቃ ያሳየናል።

ወደ ፍቅር ልብ ወለድ ስንመለስ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ሲሆን፣ ዛሬ «ጦቢያ» በሚል ስሙ ይታወቃል። ደራሲው በኋላ ነጋድራስ ተብለው ለሐረር ጎረቤት በሆነችው በድሬዳዋ ጉምሩክን አስተዳድረዋል። በአገራችን የፍቅር ልብ ወለድ ሲነሣ ግን ቀድሞ የሚጠራው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በገጠር ያደጉ የካህን ልጅ ናቸው፤ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ በቆሎ ተማሪነት ተምረዋል። መጽሐፉን ያበረከቱልንም በመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ ነው። ከዕለት ሥራቸው ጋር አጣምረው የጻፉ ደራሲ ነበሩ ማለት ነው።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ከመሬቱ ተነጥሎ የቆመ አይደለም። የበዛብህ ወላጆች የማንኩሳ ገበሬዎች ናቸው። ሁለቱን ወጣቶች የሚለያያቸው የዘር ሐረግና የሀብት ልዩነት ነው። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው በላይ ግብር ሲጠይቁ ገበሬዎቹ ያምፃሉ። ደራሲው የገበሬውን ኑሮ፣ ግብሩንና ክርክሩን ባያውቁት ኖሮ የሁለቱ ወጣቶች ፍቅር ይህን ያህል እውነት አይመስልም ነበር። መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ያደመጠው ስለ ራሱ ደጅ የሚናገር ስለ ነበረ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

እዚህ ላይ በክርስቲያን ቤተሰብ ዘንድ የሚነሣ አንድ ሥጋት አለ። «የፍቅር ታሪክ መጻፍ ልጅን ከቁም ነገር ያወጣል» የሚሉ ወላጆች ጥቂቶች አይደሉም። ሥጋቱ ፈጽሞ መሠረት የለውም ባንልም፣ መጽሐፈ ሩትን ማስታወስ ይበጃል። በአራት ምዕራፍ የተጻፈው ይህ ታሪክ የሚፈጸመው በገብስና በስንዴ አጨዳ ወራት ነው። ባሏ የሞተባት ሩት አማቷን ኑኃሚንን ለመመገብ ከአጫጆች ኋላ ቃርሚያ ትለቅማለች። የእርሻው ባለቤት ቦዔዝ ትጋቷንና ታማኝነቷን አይቶ ያከብራታል፤ ነገሩ በአውድማ ተነሥቶ በከተማው በር፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ በጋብቻ ይቋጫል። ከዚያም ቤት የንጉሥ ዳዊት አያት ተወለደ። ስለዚህ ወላጅ ሊመረምር የሚገባው ታሪኩ ሰውን እንዴት አድርጎ እንደሚያሳይ ነው፤ የፍቅር ታሪክ መሆኑ ብቻውን አያስነቅፈውም።

ለመሆኑ እርሻ ለፍቅር ደራሲ ምን ይሰጠዋል? በመጀመሪያ ደረጃ እውነተኛ ጊዜን ይሰጠዋል። በገጠር ሠርግ የሚደገሰው እህል ከገባ በኋላ ነው፤ በክርስቲያኑ ዘንድ ጥር የሠርግ ወር የሆነው አጨዳው ስላለፈና ዐቢይ ጾም ስላልገባ ነው። ዝናብ ከቀረ ጎተራው ይራቆታል፤ ጎተራው ሲራቆት ድግሱ ይተላለፋል፤ ድግሱ ሲተላለፍ የሁለት ወጣቶች ልብ ይፈተናል። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ ታሪኩን ለማወሳሰብ ከሩቅ አገር ምክንያት መበደር አያሻውም። ሁለተኛም እርሻ የፍቅርን ምልክቶች ያስተምረዋል። ከገበያ መልስ ሸክም የተቀበለ ማን ነው? በሬ የሞተበትን ጎረቤት በሬውን ያዋሰው ማን ነው? በገጠር ሰው ፍቅሩን ከአንደበቱ ይልቅ በእጁ ሥራ ይገልጻል፤ ይህን ማየት የሚችለው ደግሞ አብሮ የሠራ ዐይን ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን እርሻ ጊዜን እንደሚወስድ፣ ጉልበትንም እንደሚያደክም መሸሸግ አይገባም። ስኮትላንዳዊው ሮበርት በርንስ በፍቅር ዘፈኖቹ በዓለም የታወቀ የጭሰኛ ገበሬ ልጅና ራሱም ገበሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1788 የተከራየው እርሻ ስላላዋጣው በ1791 ትቶት በቀረጥ ሰብሳቢነት ሥራው ብቻ ለመኖር ተገደደ፤ በ37 ዓመቱም ዐረፈ። ከዚህ በተቃራኒ ሩሲያዊው ሌዎ ቶልስቶይ ሰፊ ርስት ነበረው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በሩሲያ ይማሩ በነበረበት ወራት ቶልስቶይ በሕይወት ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1877 በየክፍሉ ባሳተመው «አና ካሬኒና» ውስጥ ሌቪን የተባለው ባለርስት ከገበሬዎች ጋር ተሰልፎ ሣር ሲያጭድ የሚታይበት ክፍል ራሱ ደራሲው ከሚያውቀው ኑሮ የተቀዳ ነው። ነገር ግን ቶልስቶይ እንዲጽፍ ሌሎች ብዙ ተሸክመውለታል። ባለቤቱ ሶፍያ ልጆች እየወለደችና ቤቱን እያስተዳደረች «ጦርነትና ሰላም» የተሰኘውን ግዙፍ መጽሐፉን ረቂቅ ደጋግማ በእጇ ገልብጣለታለች።

የጉዳዩ ቁልፍ የሚገኘው እዚህ ላይ ይመስለናል። በእርሻ ቤት ውስጥ ሥራ የሌለበት ሰዓት የለም፤ ስለዚህ ለጽሕፈት የሚውል ሰዓት ሁሉ ከአንድ ሰው ትከሻ ላይ የሚወርድ፣ ወደ ሌላው የሚዛወር ነው። ወንድ ልጅ ሊጽፍ ሲቀመጥ እኅቱ ውኃ ትቀዳለች። ሴት ልጅ ልትጽፍ ስትነሣ ግን ብዙ ጊዜ «ምጣዱን ማን ይጣደው?» የሚል ጥያቄ ይቀድማታል። የብዙ ሴቶች ታሪክ ደብተር ላይ ሳይወርድ የሚቀረው ዕውቀት ጎድሏቸው ሳይሆን ሰዓት የሚሰጣቸው ሰው በማጣታቸው ነው። እንግዲህ ቤተሰብ ከመካከሉ ጸሐፊ እንዲወጣ ከወደደ ከጎተራው ዘር እንደሚለይ ሁሉ ከቀኑም አንድ ሰዓት ሊለይ ይገባዋል። ዘር የሚለየው እህል ተርፎ አይደለም፤ ለነገ ተብሎ ከዛሬው ይነሣል እንጂ።

የተለየው ሰዓት ትንሽ ቢሆንም የሚያፈራው ብዙ ነው። በደብተር አንድ ገጽ ላይ 150 ያህል ቃላት ይሰፍራሉ ብንል፣ በዓመት 200 ቀን አንዳንድ ገጽ የሚጽፍ ሰው 30,000 ቃላት ይጽፋል፤ በሁለት ዓመት 60,000 ይሆናል። ይህም አንድ ልብ ወለድ ነው። በቀሩት 165 ቀኖች ዝራ፣ አርም፣ እጨድ፣ ውቃ ቢባል ያደርሳል። እርሻውም የራሱ ዕረፍት አለው። ወፍ የሚጠበቅበት ማማ፣ ዝናብ የያዘው ከሰዓት፣ ሥራ የማይያዝበት ቀን ሁሉ ለሚያስብ ሰው የተሰጠ ጸጥታ ነው። ዛሬማ ደብተር የሌለው በእጅ ስልኩ ላይ ሲጽፍ ይታያል።

በሶፊም ሆነ በሌላ ገጠር ለሚኖር ጀማሪ የምንለግሰው ምክር አጭር ነው። አፍህን በፈታህበት ቋንቋ ጻፍ፤ አፋን ኦሮሞም ይሁን አማርኛ ወይም ሐረሪ፣ ፍቅር በሰው ልብ የሚነገርበት ቋንቋ ያ ነውና። የጻፍኸውን ማታ በቤተሰብ ፊት ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው፤ አያትህ ያልገባቸው ዐረፍተ ነገር ካለ እንደገና ይታረስ። የሰፈርህን ሰው ገመና ግን ስም ለውጠህ እንኳ አታውጣ፤ አብሮ መኖር ከመጽሐፍ ይቀድማል። መጽሐፉ ባይታተም እንኳ አንድ ቤተሰብ ማታ ማታ ተሰብስቦ የሰማው ታሪክ ከንቱ አይባልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደራሲ ለመሆን መሬትህን ሸጠህ ወደ ከተማ መግባት ግድ አይምሰልህ። ከተማ ማተሚያ ቤት ይሰጥሃል፤ ታሪኩን ግን የሚሰጥህ ትተኸው የሄድኸው ማሳ ነው።

ወላጆችም በዚህ በዓል ለልጆቻችሁ ደብተር ስትገዙ አንድ ትርፍ ጨምሩ፤ ለትምህርት ቤት ሳይሆን ለራሳቸው። ከደብተሩም ጋር የሚጽፉበትን ሰዓት አብራችሁ ስጧቸው፤ ደብተሩ ያለ ሰዓቱ ባዶ ወረቀት ነውና። በዚያ ሰዓት ምጣዱን የሚጥድ፣ ውኃውን የሚቀዳ ማን እንደሆነም ዛሬውኑ በቡና ላይ ተነጋገሩበት።

ዘመኑ የእህልም የቃልም ፍሬ የሚታፈስበት ይሁንልን። እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።