ዘይቱ መቼ ገባ?

ግማሽ ኪሎ የተላጠ ድንች ጠብሳችሁ ሚዛን ላይ ብትመልሱት በጣም ቀልሎ ታገኙታላችሁ። የቀነሰው ግን ውሃው እንጂ ካሎሪው አይደለም። መጥበሻው ውስጥ የሚንጫጫው አረፋ ዘይቱ ፈልቶ አይደለም፤ የድንቹ ውሃ በእንፋሎት እየወጣ ነው። ውሃ ወጥቶ ዘይት ሲገባ የምግቡ ክብደት ምንም አይነግረንም። ስለዚህ የሚመዘነው ዘይቱ ነው።

ከመጥበሳችሁ በፊት መጥበሻውን ከነዘይቱ መዝኑ። ስትጨርሱ ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቁና (የጋለ ዘይት ይዞ መዞር ለማንም አይበጅም) ድገሙት። 1,650 ግራም የነበረው 1,610 ከሆነ 40 ግራም ሄዷል ማለት ነው። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ 360 ይሆናል። ጥሬ ድንች በ100 ግራም 77 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ግማሽ ኪሎው 385። ድምሩ 745፤ ለአራት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 186 ገደማ ይደርሰዋል። ምድጃው ላይ የተረጨውና ሶፍቱ የመጠጠው ዘይትም አብሮ ስለተቆጠረ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይላል። ይሁን፤ ከመገመት ይሻላል። ሚዛን የሌለው በሾርባ ማንኪያ ይስፈር፤ አንዱ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ዘይቱ የሚገባበት ሰዓት ነው። ምግቡ እሳት ላይ እያለ የሚወጣው እንፋሎት ዘይቱን ወደ ውጭ ይገፋል። ምግቡ ከዘይቱ ሲወጣና ሲቀዘቅዝ ግን ውስጡ የቀረው እንፋሎት ወደ ውሃ ይመለሳል፤ ግፊቱ ይወርድና ገጹ ላይ የተለጠፈውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስበዋል። አብዛኛው የሚገባው ያኔ ነው። ወንፊቱን ማራገፍም ሆነ ሶፍት ላይ ማድረግ ገና ትኩስ ሳለ ነው እንጂ፣ ቡና ቀርቦ ጨዋታ ከደራ በኋላ ሶፍቱ የሚያገኘው ትራፊውን ነው።

ሳምቡሳ ላይ ስሌቱ ትንሽ ይወሳሰባል። ዱቄቱንና ምስሩን በደረቁ መዝኑ፤ ሁለቱም በ100 ግራም 350 ካሎሪ አካባቢ ናቸው። ከዚያ የመጥበሻውን ዘይት እንደ ድንቹ ቀንሳችሁ አስሉ። ሽንኩርቱ የተቁላላበት ዘይት ግን ምስሩ ውስጥ ስለሚቀር ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል፤ ጾም ቢሆንም።