ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው?

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ የባህል ተቋም መዝገብ ክፍል ለሌላ ጉዳይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ተማሪ ገባች። ለመመረቂያ ጽሑፏ የፈለገችው አንድ ፎቶግራፍ ነው። የሲዳማ ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ለሶንጎ፣ ለሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ተቀምጠዋል፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ «1961» ተብሎ ተጽፏል። መዝገቡን የሚጠብቁት ወይዘሮ ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩአትና መልሰው አስቀመጡት።

«ማየቱን እዪው፣ ልጄ። በስልክሽ ማንሳት ግን ፈቃድ ይፈልጋል።»

«ፈቃዱን ከማን ነው የማመጣው፣ እማማ?»

«እሱን የሚነግረኝ ባገኝ እኔም ደስ ባለኝ።»

ተማሪዋ አመስግና ወጣች። በዚያው ሰሞን ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ አንድ ማተሚያ ቤት ደጃፍ ላይ የዚያው ዘመን ፎቶግራፎች በቲሸርትና በቀን መቁጠሪያ ታትመው ሲሸጡ አየሁ። ከየት እንደመጡ ብጠይቅ መልሱ «ከቴሌግራም» የሚል ሆነ። ለትምህርት የፈለገችው ተከለከለች፤ ለገበያ የፈለገው ማንንም አልጠየቀም። ጉዳዩን ይዤ የቆየሁት ይህ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈውታል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ለድርሰት የሚሰጠው ጥበቃ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ለፎቶግራፍ ግን ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። በ1961 የተነሳው ፎቶግራፍ የቅጅ መብቱ ካበቃ ቆይቷል። የሚቀረው የተነሱት ሰዎች መብት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ ዓላማው ሳይንስ፣ ባህል ወይም ትምህርት ሲሆን በሩን ይከፍታል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ተማሪዋ ፎቶውን ይዛ መውጣት ነበረባት፤ ጥያቄ ሊነሳበት የሚገባው ቲሸርቱ ነበር። ሀዋሳ ላይ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው።

ወይዘሮዋን ግን አልወቅሳቸውም። ይህን አንቀጽ ከዚያኛው አንቀጽ ጋር አስተያይቶ መበየን የሕግ ባለሙያ ሥራ ነው፤ እሳቸው ያላቸው አንድ መዝገብና አንድ የቁልፍ ዘለላ ነው። በኋላ ብቻችንን ስንጫወት እንዲህ አሉኝ፦ «ሰጥቼ ነገ የሚከሰኝ ቢመጣ ማን ይቆምልኛል? ከልክዬ ግን እስከ ዛሬ የቀጣኝ የለም። አንተ ብትሆን የትኛውን ትመርጣለህ?»

ፎቶግራፉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ያለው በካሴት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው። ቀስ ብለው ከፍተው አንዱን አወጡልኝና፣ «እዚህ ላይ የሚዘፍኑት ሰውዬ ሞተዋል» አሉ። «የቀዳው ባልደረባችን ጡረታ ወጥቷል። ያስቀዳው መሥሪያ ቤት ፈርሷል። እኔ ቁልፉን ይዤ ቀርቻለሁ።»

በእነዚህ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ የጉዳዩ ውስብስብነት ሁሉ አለ። በአዋጁ መሠረት ዘፋኙ ከዋኝ ነውና የራሱ መብት አለው፤ ድምፁን ያስቀረጸውም እንዲሁ፤ የሁለቱም ጥበቃ 50 ዓመት ነው። ተቀጣሪ በሥራው ላይ እያለ ለሠራው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የመብቱ ባለቤት አሠሪው ነው። እንግዲህ አሠሪው ማን ነበር? ሀዋሳ ለረጅም ዓመታት የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ነበረች፤ የዎላይታው፣ የጌዴኦው፣ የጋሞው፣ የሐዲያው ጉዳይ ሁሉ የሚታየው እዚህ ነበር። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ አካሄደ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ክልል ሆነ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ተከተለ። በ2015 ማብቂያ የቀረውም ለሁለት ተከፍሎ የድሮው ክልል ስሙ ከካርታ ወጣ። ሕንፃና ተሽከርካሪ ሲከፋፈል ተቆጥሮ ነው፤ በአንድ ካሴት ላይ ያለውን የመቅዳት፣ የማባዛትና የማሰራጨት መብት ግን ማን ወረሰው? የዎላይታ ዘፈን የተቀዳበት፣ ሀዋሳ ውስጥ የቀረ ካሴት የማን ነው? አዋጁ መብት ሲተላለፍ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ወይዘሮዋ እጅ የገባ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኃላፊን ለሙዚየሞችና ለመዛግብት ቤቶች በአማርኛ የተዘጋጀ መመሪያ እንዳለ ጠየቅኋቸው። «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» አሉኝ። ሂደቱ የት እንደደረሰ ስጠይቅ በደብዳቤ እንዳቀርብ ነገሩኝ። ለደብዳቤው መልስ አላገኘሁም።

በሌላው ዓለም ይህ መንገድ ተጠርጓል። ኢትዮጵያ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የሞሊ ቶርሰንንና የጄን አንደርሰንን መጽሐፍ አሳትሟል፤ ስለ ባህላዊ ዕውቀት ሙዚየሞች፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ምን ማድረግ እንደሚችሉ በዝርዝር ይናገራል። ሪና ኤልስተር ፓንታሎኒ ለሙዚየሞች ያዘጋጀችው መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2013 ተሻሽሎ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሮፓና የአሜሪካ ተቋማት ተባብረው 12 አጫጭር መግለጫዎች አወጡ፤ አንድ የመዝገብ ሠራተኛ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር «የቅጅ መብት አለበት»፣ «የለበትም»፣ «አልታወቀም» ብሎ የሚለጥፋቸው ናቸው።

ከሁሉ ይበልጥ የያዘኝ ግን የፓሳማኳዲዎች ታሪክ ነው። በአሜሪካ ሜይን ግዛት የሚኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1890 ጄሲ ዋልተር ፊውክስ የተባለ ተመራማሪ ዘፈናቸውንና ተረታቸውን በሰም ሲሊንደር ቀዳ፤ በመስክ ላይ ከተቀዱ ድምፆች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ነው። ሲሊንደሮቹ ከሕዝቡ ርቀው ኖሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድምፁን አጽድቶ ለማኅበረሰቡ አስደመጠ፤ ሽማግሌዎቹም የትኛው ለሁሉም ይሰማ፣ የትኛው አይሰማ ብለው ወሰኑ። ውሳኔያቸው በቤተ መጻሕፍቱ ገጽ ላይ ከድምፁ ጎን በመለያ ተለጥፏል። መለያዎቹን የሚያዘጋጀው ሎካል ኮንቴክስትስ የተባለ ድርጅት ነው፤ ከመለያዎቹ መካከል «በወቅቱ ብቻ የሚሰማ»፣ «ለንግድ የማይውል»፣ «ለሴቶች ብቻ» የሚሉ ይገኛሉ።

ይህን ለወይዘሮዋ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «ቄጣላ እኮ የራሱ ቀን አለው» አሉ። «በማስታወቂያ ለሳሙና ሲዘፈን ስሰማው አንጀቴ ያርራል። እንዲህ የሚል ወረቀት ቢኖረኝ ካሴቱ ላይ እለጥፈው ነበር።»

ቄጣላ የሚዘፈንበት የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ ኅዳር 2008 ዊንድሆክ ላይ በተደረገ ጉባኤ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ገብቷል። አያንቶዎች ከዋክብት አይተው ቀኑን ያሳውቃሉ፤ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ቡሪሳሜ ይቀምሳሉ፤ ሀዋሳ ጉዱማሌ ላይ ሕዝቡ ይወጣል። በዚህ የዩኔስኮ ምዝገባ ውስጥ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ዩኔስኮ አንድን ቅርስ ለመመዝገብ ፎቶግራፎችና አጭር ፊልም ይጠይቃል፤ ከእነሱም ጋር ባለመብቱ መብቱን ሳያጣ ድርጅቱ እንዲጠቀምባቸው የሚፈቅድ የተፈረመ ቅጽ መያያዝ አለበት። ለፓሪስ የሚበቃ ፈቃድ በጽሑፍ መስጠት ከቻልን ለሀዋሳ ተማሪ የሚበቃውን ማዘጋጀት አያቅተንም።

ስለ ፈቃድ ደግሞ ከሲዳማ የተሻለ ትምህርት ያየ የለም። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት «ሲዳሞ»፣ «ሐረር» እና «ይርጋጨፌ» የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም ቀደም ብሎ «ሲዳሞ» የሚለውን ቃል የያዘ ስያሜ ለራሱ ሊያስመዘግብ ሞክሮ ነበር። ክርክሩ በ1999 በስምምነት ተቋጨ። ኢትዮጵያ የሰጠችው ፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት ነው፤ ባለቤቱ ግን ማን እንደሆነ በጽሑፍ አስቀምጧል። ነፃ መስጠትና ባለቤትነትን መተው አንድ እንዳልሆኑ የዚህ አገር ቡና ለዓለም አሳይቷል። ለቡናው የተደረገው ለዘፈኑ የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው የካሴቱ ማግኔት ይረግፋል፤ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። አዋጁ ለጥበቃ ሲባል ቅጂ ማውጣትን ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት በተወሰነ ሁኔታ ይፈቅዳል፤ ይህንን የሚያውቅ ስለሌለ ግን ካሴቱ ወደ ኮምፒውተር አይገለበጥም። በሌላ በኩል በየበዓሉ በስልክ የተቀረጸው ቀድሞ በጫነው ሰው ስም ዩቲዩብ ላይ ይቀመጣል።

መመሪያው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ አይደለም። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለ፤ የክልሉ ባህል ቢሮ አለ፤ የሶንጎ ሽማግሌዎች አሉ። ሦስቱ ተቀምጠው በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ሁለት ገጽ መጻፍ ይችላሉ፦ የትኛው ፎቶ ያለ ጥያቄ ይሰጣል፣ የትኛው ድምፅ ቤተሰብ ይጠየቅበታል፣ የትኛው ለሽያጭ አይውልም፣ የሌላ ሕዝብ የሆነው ካሴት ለማን ይመለሳል። ከዚያ አንድ የስምምነት ቅጽ ያስፈልጋል፤ ካሜራ የያዘ ሁሉ ከመቅረጹ በፊት ለዘፋኙ አንብቦለት የሚያስፈርመው። አያንቶዎች የሚቀጥለውን ፊቼ ቀን ሲያሳውቁ ካሜራዎች ጉዱማሌ ላይ መሰለፋቸው አይቀርም፤ ቅጹ ከዚያ ቀን በፊት መታተም አለበት።