ማርሹን ፈቶ መጣል

የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ኦንሪ ዴግራንዥ ማርሽ መቀየሪያን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ ውድድሩ መሣሪያውን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ዛሬ ደግሞ ማርሹ ያረጀበትን ብስክሌት በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ባለ አንድ ማርሽ የሚመልሱ ሞልተዋል።

ሥራው በመፍታት ይጀምራል፤ መቀየሪያዎቹ፣ ሽቦዎቻቸውና ትርፍ ጥርሶቹ ይወገዳሉ። ከፊት 42፣ ከኋላ 16 ጥርስ ቢቀር፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ 2.6 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ይህ ለባሕር ዳር ሜዳ ይስማማል። ወደ እንጦጦ ለሚወጣ ግን ጉልበት መጨረስ ነው።

ዋናው ጣጣ ሰንሰለቱ ነው። የፊትና የኋላው ጥርስ በአንድ መስመር ካልዋለ ይንጫጫል፤ ከላላ ደግሞ ይወልቃል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ የመንገድ ብስክሌቶች የኋላው ጎማ የሚታሰርበት ቦይ አግድም ስለሆነ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ማጥበቅ ይቻላል። ቦያቸው ወደ ታች የቆመ አዳዲሶቹ ግን ለብቻው የሚገጠም መወጠሪያ ይፈልጋሉ፤ ይህም ከተፈታው መቀየሪያ ብዙ የማይለይ ዕቃ ነውና ያስቃል።

ሰንሰለቱ በልኩ ይቆረጣል። ፍሬኖቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ ፔዳል ሳይመቱ ቁልቁለት መንሸራተትም እንደ ቀድሞው ነው።